በእንጨት ቶርኖ ላይ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ራውተር እንዴት ይገጠማል?

ጠመዝማዛ የአልጋ እግር በእጁ ያወጣ አናጢ የሚያውቀው ጣጣ አለ። የመጀመሪያው እግር ያምራል፣ ሁለተኛውም ያምራል፤ ጎን ለጎን ሲቆሙ ግን ወንድማማች እንጂ መንትያ አይሆኑም። አራተኛው ላይ ሲደረስ እጅ ዝሏል፣ መሮው ዶልዱሟል፤ ደንበኛው ደግሞ አራቱንም ደርድሮ ማየቱ አይቀርም። ከዚህ በታች የምገልጸውን መሣሪያ በራሴ ቶርኖ ላይ የሠራሁት ከዚህ ጣጣ ለመገላገል ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። እንጨቱን እንደ ወትሮው በቶርኖው ሞተርና በመሮ ድቡልቡል ታደርጉታላችሁ። ከዚያ የቶርኖው ሞተር ይጠፋና ስፒንድሉን (እንጨቱን የሚያዞረውን የቶርኖውን ዋና ዘንግ) በዝግታና በልክ የሚያዞር ስቴፐር ሞተር፣ ማለትም በትንንሽ እርምጃ የሚዞር ሞተር፣ ሥራውን ይረከባል፤ ራውተሩም (የኢንተርኔቱ ሳይሆን፣ በፍጥነት በሚሽከረከር ምላጭ እንጨት የሚቀርጸው የእጅ ማሽን) በሐዲድ ላይ እየሄደ ይቆርጣል። ያሉት እንቅስቃሴዎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ ራውተሩ በቶርኖው ርዝመት ይሄዳል (ኤክስ)፣ ወደ እንጨቱ ይወርዳል ይወጣል (ዜድ)፣ እንጨቱ ይዞራል (ዋይ)።

ብዙ ሰው ይህን ሥራ የሚፈራው ኤሌክትሮኒክሱን ፈርቶ ነው። እኔን ኤሌክትሮኒክሱ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ብረቱ ግን ሁለት ወር። ከብረቱም ያለፋኝ ሁለት ነገር ነው፦ የስፒንድሉ ልልነትና የራውተሩ ምላጭ በትክክል ከቶርኖው መሐል መስመር በላይ መቆሙ። ስለዚህ እነዚህ ሁለቱ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

• እንጨቱን ከግራና ከቀኝ በሚይዙት ሁለት ሹሎች መካከል አንድ ሜትር ያህል የሚይዝ፣ የስፒንድሉ የኋላ ጫፍ ወደ ውጭ የወጣ የእንጨት ቶርኖ
• ሦስት ኔማ 23 ስቴፐር ሞተሮች፣ 1.9 ኒውተን ሜትር ጉልበትና 2.8 አምፔር ያላቸው
• ሞተሮቹን የሚነዱ ሦስት ዲኤም542 ድራይቨሮችና ባለ 36 ቮልት፣ 10 አምፔር የኃይል ማቅረቢያ
• አርዱዊኖ ኡኖ የተባለው ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ፣ የፋይሉን ትእዛዝ ወደ ሞተር እርምጃ የሚቀይረው ጂአርቢኤል 1.1 የተባለ ነፃ ፕሮግራም የተጫነበት
• ባለ 20 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ጥንድ ከነተንሸራታቾቹ፣ ለዜድ ደግሞ አጭር ጥንድ
• ለኤክስ 16 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ በአንድ ዙር 5 ሚሊ ሜትር የሚሄድ ባለ ኳስ ጥምዝ ዘንግ፤ ለዜድ ባለ 12 ሚሊ ሜትሩና በአንድ ዙር 4 የሚሄደው
• ባለ 15 እና ባለ 90 ጥርስ ፑሌጃ፣ ባለ 5 ሚሊ ሜትር እርከን ጥርሳም ቺንጋ
• ሰውነቱ 65 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ትንሽ የእጅ ራውተር
• ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ ኃይል የሚያዝና የሚለቅ ማብሪያ)፣ የማብሪያና የማጥፊያ ቁልፍ፣ ቀዩ የአደጋ ማቆሚያ

ቱቦላሬው፣ ላሜራው፣ ብሎኑና ዳዶው መርካቶ ውስጥ ሞልቷል፤ ጊዜ ያለው ሰው ሶማሌ ተራና ምናለሽ ተራ ቢዞር ብዙ ነገር በቅናሽ ያገኛል። ሐዲዱንና ጥምዝ ዘንጉን ግን አዲስ ግዙ። ከአሮጌ ፎቶ ኮፒ ማሽን የሚወጡትን ትንንሽ ስቴፐር ሞተሮች ሞክሬያቸዋለሁ፤ ዋንዛ እንኳ አሸነፋቸው።

ደረጃ 1፦ ቶርኖውን መፈተሽ

ቀጥ ያለ፣ አንድ ሜትር የሚሆን ጠንካራ እንጨት በመንከሻው አስራችሁ ጫፉን ወደ ላይና ወደ ታች ግፉት። ኩሽኔታው ውስጥ የመንቀጫቀጭ ስሜት ካለ አልቋልና ቀይሩት። ለመሮ ሥራ የማያስቸግር ልልነት ለራውተር አይሆንም፤ መሮ የያዘ እጅ ስህተቱን እያየ ያርማል፣ ራውተሩ ግን አያይም። ቀጥሎ የኋላ መደገፊያውን ወደ ራሱ አምጡና ሁለቱን ሹሎች ጫፍ ለጫፍ አገናኙ። ካልተገናኙ ሌላው ሁሉ ሥራ የሚቆመው በጠማማ መሠረት ላይ ነው።

ደረጃ 2፦ ስፒንድሉን የሚያዞረው ሞተር

ባለ 90 ጥርሱ ፑሌጃ የሚቀመጠው በስፒንድሉ የኋላ ጫፍ፣ የእጅ ጎማው በነበረበት ቦታ ነው። ቀዳዳውን ለብረት ቶርኖ ባለሙያ ስጡ፤ በትራፓኖ ራሳችሁ አትብሱት። እኔ ለመቆጠብ ብዬ፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ሰፋ ቢልም በብሎን ይጠብቃል» ብዬ ነበር። «ልጄ፣ ብሎኑ ሲጠብቅ ፑሌጃው ወደ አንድ ጎን ይገፋል፤ ከዚያ በየዙሩ ይሰክርብሃል» አሉኝ ባለሙያው። እውነታቸውን ነው። ፑሌጃው ከሰከረ ቺንጋው በግማሽ ዙር ይወጠራል፣ በግማሽ ዙር ይላላል፤ ያ ልልነት እንጨቱ ላይ እንደ ሞገድ ይታተማል።

ባለ 15 ጥርሱ በሞተሩ ዘንግ ላይ ይገባል። የማጥበቂያው ብሎን በክብ ዘንግ ላይ ስለሚንሸራተት፣ ለጫፉ መቀመጫ የሚሆን ትንሽ ጠፍጣፋ ቦታ ዘንጉ ላይ በሞረድ አውጡለት። ሞተሩን የሚሸከመው 8 ሚሊ ሜትር ላሜራ ቀዳዳዎቹ ሞላላ ይሁኑ፤ ሞተሩን ወደኋላ እየሳባችሁ ቺንጋውን የምትወጥሩት በዚያ ነው። ከአሮጌ ወፍጮ ወይም ከመኪና የተገኘ ለስላሳ ቺንጋ እዚህ አይሠራም፤ በጭነት ይንሸራተታል፣ ኮምፒውተሩም መንሸራተቱን አያውቅም።

ጥርሱ ስድስት እጅ ስለሚበልጥ ሞተሩ ስድስት ጊዜ ሲዞር እንጨቱ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይበዛል።

አሁን ልልነቱን እንለካ። ውድ መለኪያ አያስፈልግም። ቀጥ ያለ ቀጭን ጣውላ በስፒንድሉ የፊት ሰሌዳ ላይ ወደ እናንተ አግድም እንዲዘረጋ እሰሩትና ከስፒንድሉ መሐል 573 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ምልክት አድርጉበት። በዚያ ርቀት ላይ አንድ ዲግሪ ልክ 10 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ምልክቱ አጠገብ ማስመሪያ አቁሙ፤ ሌላ ሰው የሞተሩን ዘንግ በፒንሳ ጠበቅ አድርጎ ይያዝ፤ እናንተ ጣውላውን በአንድ ጣት ወደ ላይና ወደ ታች ንኩት። ጠቅላላ እንቅስቃሴው ከ1 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ፣ ማለትም ከዲግሪ አንድ አሥረኛ፣ 60 ሚሊ ሜትር በሆነ እንጨት ላይ ስህተቱ ከ0.05 ሚሊ ሜትር ብዙም አያልፍም። ያ በብርጭቆ ወረቀት ይጠፋል። የእኔ በመጀመሪያው ቀን 7 ሚሊ ሜትር ነበር። የቺንጋው መላላት ግማሹን፣ ያ የሞተር ዘንግ ብሎን ደግሞ ቀሪውን ወስዷል።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ፦ ይህ ቺንጋ ገብቶ ሳለ የቶርኖው ሞተር መነሳት የለበትም። ስቴፐር ሞተር በውጭ ኃይል በፍጥነት ሲዞር ራሱ ኤሌክትሪክ አመንጭቶ ድራይቨሩን ያቃጥላል። እኔ ግድግዳው ላይ አንድ ሶኬት ብቻ ትቻለሁ፤ የቶርኖው መሰኪያ ካልተነቀለ የራውተሩ ሳጥን አይሰካም። ድቡልቡል በማደርግበት ጊዜ ደግሞ የስቴፐሩን ቺንጋ አወልቃለሁ።

ደረጃ 3፦ ምሰሶውና ሐዲዱ

ከቶርኖው ኋላ፣ ከአልጋው ጋር ትይዩ፣ 80 በ80 የሆነ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቱቦላሬ ይቆማል። (የቶርኖው ወለል አልጋ መባሉ የአልጋ እግር ለሚሠራ ሰው ግራ ያጋባል፤ ግን ስሙ እንደዚያ ነው።) እግሮቹን በብየዳ ሳይሆን በብሎን እሰሩ፤ ብየዳ ሲቀዘቅዝ ብረቱን ይስበዋል፣ የተሳበ ምሰሶ ላይ የተቀመጠ ሐዲድ ደግሞ ተንሸራታቹን ያንቀዋል። ሐዲዶቹን ስታስሩ መጀመሪያ አንዱን ብቻ አጥብቁ፤ ሁለተኛውን በልሉ ተዉትና ተንሸራታቹ ላይ ሰሌዳውን አስራችሁ ከዳር እስከ ዳር እየገፋችሁ ተራ በተራ አጥብቁ። የሚከብድበት ቦታ ካለ ሐዲዱ ሥር ማስገቢያ ያስፈልጋል። የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ ግድግዳ 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በመቀስ ተቆርጦ ግሩም ማስገቢያ ይሆናል።

ደረጃ 4፦ ራውተሩን መሐል ላይ ማቆም

ራውተሩን በዜድ ሰሌዳ ላይ፣ ምላጩ በቀጥታ ወደ ታች እንዲመለከት አድርጋችሁ ሁለት ቦታ በሚይዝ ማቀፊያ እሰሩት። ዓይን እስከፈቀደ ድረስ ምላጩን ከቶርኖው ሹል በላይ አቁሙ። ዓይን ግን ከሚሊ ሜትር በታች አይታመንም። የሚቀጥሉትን ሁለት ፈተናዎች ሞተሮቹ መታዘዝ ከጀመሩ በኋላ አድርጓቸው፤ ደረጃ 5ን እና 6ን ጨርሳችሁ እዚህ ተመለሱ።

የመጀመሪያው የትይዩነት ፈተና ነው። ድቡልቡል እንጨት አስሩ፤ ዜድን ሳትነኩ በግራ ጫፍ፣ በመሐልና በቀኝ ጫፍ እንጨቱን እያዞራችሁ ቀለል ያለ ቀለበት ቁረጡ። ሦስቱንም በካሊፐር ለኩ። በሁለቱ ጫፎች ያለው የዲያሜትር ልዩነት ግማሹ ምሰሶው ያዘነበለበት ልክ ነው። መሐሉ ከሁለቱም ከወፈረ ግን ምሰሶው ሳይሆን እንጨቱ ጎብጦ ከምላጩ ሸሽቷል።

ሁለተኛው የመሐል ፈተና ነው፤ ከሁሉም የምወደው ይህን ነው። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ጠፍጣፋ ምላጭ ግጠሙ። በእንጨቱ ጫፍ አካባቢ፣ እስከ ጫፉ ድረስ የሚወጣ፣ 3 ሚሊ ሜትር የሚጠልቅ ቀጥ ያለ ቦይ ቁረጡ። እንጨቱን 180 ዲግሪ አዙሩና በተቃራኒው ጎን ያንኑ ድገሙ። አሁን እንጨቱን አውልቃችሁ ጫፉን ፊት ለፊት እዩት፦ ከላይ አንድ ቦይ፣ ከታች አንድ ቦይ አለ። በላይኛው ቦይ ወለል ላይ ስኳድራ አስቀምጡና ከቦዩ የቀኝ ጠርዝ ወደ ታች መስመር ጣሉ። መስመሩ በታችኛው ቦይ የቀኝ ጠርዝ ላይ ካረፈ ምላጩ መሐል ላይ ነው። ካላረፈ፣ እንጨቱ ሲገለበጥ ስህተቱም ስለሚገለበጥ የምታዩት ልዩነት የእውነተኛው ስህተት እጥፍ ነው። 1 ሚሊ ሜትር ልዩነት ካያችሁ ራውተሩን 0.5 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ግፉት፤ ከማቀፊያው ኋላ አምስት የቆርቆሮ ቁራጭ ማስገባት ወይም ማውጣት ማለት ነው። ሁለቱ ጠርዞች እስኪገናኙ ድረስ ደጋግሙት። ሦስት ጊዜ ከደጋገምኩ በኋላ የእኔ ተገናኘ፤ ያንን የእንጨት ጫፍ ቆርጬ መደርደሪያዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ምላጩ ከመሐል ከወጣ የጠመዝማዛው ቦይ አንዱ ግድግዳ ጥልቅ፣ ሌላው ጥልቀቱ ያነሰ ይሆናል፤ ሰው ምክንያቱን ሳያውቅ «የሆነ ነገር ይጎድለዋል» የሚለው ለዚህ ነው።

ደረጃ 5፦ ኤሌክትሪኩ

ከአርዱዊኖው ወደ እያንዳንዱ ድራይቨር የእርምጃና የአቅጣጫ ሽቦ ይሄዳል፤ ከድራይቨሩ ወደ ሞተሩ አራት ሽቦ። ድራይቨሮቹን 2.84 አምፔር ላይና በአንድ ዙር 1600 እርምጃ ላይ አስተካክሉ። ኃይል እያለ የሞተር ሽቦ በፍጹም አትንቀሉ፤ ድራይቨሩ በዚያው ቅጽበት ይሞታል። የራውተሩ ገመድና የምልክት ሽቦዎች አብረው አይታሰሩ፤ የራውተሩ ሞተር የሚረጨው ረብሻ አርዱዊኖውን ያሳብደዋል። የሞተር ሽቦዎቹ በላያቸው መረብ ያለባቸው ቢሆኑና መረቡ በሳጥኑ በኩል ብቻ ከመሬት ሽቦ ጋር ቢያያዝ ይመረጣል።

አሁን ወደ መብራት መጥፋት እንምጣ። በላፕቶፕ የምትሠሩ ከሆነ ነገሩ ካሰባችሁት በላይ ተንኮለኛ ነው። መብራት ሲጠፋ ራውተሩም ሞተሮቹም ይቆማሉ፤ ላፕቶፑ ግን ባትሪ አለው፤ አርዱዊኖውም የሚኖረው ከላፕቶፑ በሚያገኘው ኃይል ነው። ስለዚህ ሁለቱ ምንም እንዳልተፈጠረ ትእዛዝ ማንበባቸውን ይቀጥላሉ። መብራቱ ከሃያ ሰከንድ በኋላ ሲመለስ ራውተሩ ራሱ ይነሳል፣ ሞተሮቹም ፋይሉ ከደረሰበት ቦታ ይቀጥላሉ፤ ብረቱ ግን ያለው ከሃያ ሰከንድ በፊት በነበረበት ቦታ ነው። ሁለት ሰዓት የለፋሁበት የዋንዛ እግር ላይ በሰያፍ የተሰነጠረ ቦይ ያየሁት እንዲህ ሲሆን ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። ራውተሩና የ36 ቮልቱ ማቅረቢያ በአንድ ኮንታክተር በኩል ይለፉ፤ ኮንታክተሩ ራሱን የሚይዘው በራሱ ረዳት ግንኙነት ይሁን። መብራት ሲጠፋ ይለቃል፤ ሲመለስ እናንተ አረንጓዴውን ቁልፍ ካልተጫናችሁ አይነሳም። ይህ ለጣታችሁም ነው። ሁለተኛ፣ ኮንታክተሩ ሲለቅ የሚዘጋውን ሌላውን ረዳት ግንኙነት ከአርዱዊኖው ኤ1 እግር (ኤ1 ከተባለው የሽቦ መግቢያ) እና ከዜሮ ቮልቱ ጋር አገናኙ፤ ጂአርቢኤል ይህን እግር የሚያውቀው «ቁም» ብሎ ነው። ያኔ ፋይሉ ባለበት ይቆማል። ያም ሆኖ ሞተሩ ጥቂት እርምጃ ሊስት ይችላልና፣ በትልቁ ፑሌጃና በቶርኖው ራስ ላይ ፊት ለፊት የሚገናኝ ቀጭን ጭረት አውጡ፤ ዜሮውን መልሳችሁ የምታገኙት በእርሱ ነው። ለሞተሮቹ ብቻ የባትሪ መጠባበቂያ መግጠም ግን አደገኛ ነው፤ የቆመ ምላጭ እንጨት ውስጥ እየተጎተተ ይሰበራል።

ደረጃ 6፦ ቅንብሩ

ጂአርቢኤል ዋይን በሚሊ ሜትር ያስባል፤ እኛ ግን ዲግሪ ነው ብለን እንነግረዋለን። 1600 እርምጃ በ6 ሲባዛ 9600፣ ለ360 ሲካፈል 26.667። ይህ በቅንብር ቁጥር 101 ይገባል። ለኤክስ 1600 ለ5 ሲካፈል 320፣ በቁጥር 100፤ ለዜድ 1600 ለ4 ሲካፈል 400፣ በቁጥር 102። የዋይ ከፍተኛ ፍጥነት፣ ቁጥር 111፣ 7200 ቢሆን በደቂቃ 20 ዙር ማለት ነው፤ ይበቃል። ቁጥር 20ን፣ የጉዞ ገደቡን፣ ዜሮ አድርጉት፤ የሚዞር ነገር ጫፍ የለውምና።

ከዚያ ኤክስን 300 ሚሊ ሜትር ላኩና በብረት ማስመሪያ ለኩ። ዋይን 3600 ላኩና የፑሌጃው ጭረት ከአሥር ዙር በኋላ በቦታው መመለሱን እዩ።

ደረጃ 7፦ የመጀመሪያው እግር

60 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 400 ሚሊ ሜትር የሚጠመዘዝ ክፍል ያለው እግር እንውሰድ፤ አራት ቦይ፣ ሁለት ሙሉ ዙር። እንጨቱ የደረቀ ዋንዛ ይሁን፤ ያልደረቀ ባሕር ዛፍ በሥራ መሐል ይጠመዘዝባችኋል፣ ወይራ ደግሞ ለጀማሪ ምላጭ ይበላል። ጥርስ ባለው የቶርኖ ሹል ብቻ አትመኑ፤ በራውተር ግፊት ጥቂት በጥቂት ይሸራተታልና እንጨቱን በመንከሻ አስሩት፣ በኋላ መደገፊያውም ግፉት።

ጫፉ ክብ የሆነ ባለ 12 ሚሊ ሜትር ምላጭ ግጠሙ። የሚቆርጠው የፋይሉ መስመር አንድ ነው፤ በፋይሉ ውስጥ በላቲን ፊደል የሚጻፈው፣ ሲነበብ «ጂ1 ኤክስ400 ዋይ720 ኤፍ1200» የሚለው። ራውተሩ 400 ሚሊ ሜትር ሲሄድ እንጨቱ 720 ዲግሪ ይዞራል። ከዚያ ምላጩ ይነሳል፣ ወደ ኤክስ ዜሮ ይመለሳል፤ ዋይ ወደ 90 ይሄድና ሁለተኛው ቦይ ከዚያ ተነስቶ 810 ላይ ያልቃል። ሦስተኛው ከ180፣ አራተኛው ከ270። አራቱም ካለቁ በኋላ 1.5 ሚሊ ሜትር ጠልቆ ከመጀመሪያው ይደገማል፤ አራት ጊዜ ሲደገም 6 ሚሊ ሜትር ይሞላል። አሥራ ስድስቱን ቆራጭ መስመሮች በሠንጠረዥ ፕሮግራም ጽፋችሁ መቅዳት ትችላላችሁ፤ ለዚህ ሥራ ውድ ፕሮግራም መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ፋይሉን ወደ አርዱዊኖው ለመላክ ዩኒቨርሳል ጂ-ኮድ ሴንደር የተባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል።

ፍጥነቱ ላይ ግን ተጠንቀቁ። በኤፍ፣ ማለትም በደቂቃ ጉዞው፣ 1200 ብላችሁ ብታዙም ፕሮግራሙ ዲግሪውን እንደ ሚሊ ሜትር ስለሚቆጥር በ60 ሚሊ ሜትር እንጨት ላይ ምላጩ በእውነት የሚሄደው በደቂቃ 800 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ዲግሪና ሚሊ ሜትር የሚተካከሉት እንጨቱ 114.6 ሚሊ ሜትር ሲወፍር ብቻ ነው፤ ከዚያ የቀጠነውን ምላጩ ካዘዛችሁት ቀስ ብሎ፣ የወፈረውን ፈጥኖ ይቆርጣል። ቀስ ማለቱም ሁልጊዜ ደግ አይደለም፤ ምላጩ ቦታው ላይ እየተፈተገ እንጨቱን ያጠቁረዋል። የማቃጠል ሽታ ከመጣ ጉዞውን ጨምሩ ወይም የራውተሩን ዙር ቀንሱ።

መጀመሪያ ራውተሩን ሳታበሩ፣ ምላጩ ከእንጨቱ 10 ሚሊ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ሙሉውን ፋይል በአየር ላይ አስኪዱት። መነጽርና የአፍ መሸፈኛ አድርጉ፣ እጅጌ ሰብስቡ። ከዚያ አብሩት። አሥራ ስድስቱ ቆረጣ ወደ አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጃል፤ የመመለሻው ጊዜ ለብቻው ነው። በዚያ ጊዜ ከቀዩ ቁልፍ አትራቁ፤ ቡና ለመጠጣት መውጣት የሚቻለው ከአሥረኛው እግር በኋላ ነው።

አራቱንም እግር በአንድ ፋይል አትሥሩ። የግራዎቹ እግሮች ወደ አንድ አቅጣጫ፣ የቀኞቹ ወደ ተቃራኒው ሲጠመዘዙ አልጋው ፊት ለፊት ሲታይ ይመጣጠናል። ለዚህ የሚያስፈልገው በመጨረሻዎቹ ሁለት እግሮች ፋይል ውስጥ ከዋይ ቁጥሮች ሁሉ ፊት የመቀነስ ምልክት ማስገባት ብቻ ነው፤ 720 የነበረው -720፣ 810 የነበረው -810 ይሆናል።